የኖላዊ ቀኝ እጅ

የበርበሬው ጣሳ ላይ ያለው ጽሑፍ ተገልብጦ እንደሚታይ ዶርቃ ያስተዋለችው ቪዲዮው ሦስት ሳምንት ሙሉ በየጠዋቱ ከታየ በኋላ ነው። ያን ማክሰኞ ልጇ ኖላዊ ሃውቶርን ከተማ ባለው አፓርታማቸው ኩሽና ውስጥ ተቀምጦ ከሲሪያል ሳህኑ ጋር የተደገፈውን ስልክ እያየ ነበር። ስልኩ ውስጥ የእናቱ እጅ እንጀራ ይቆርሳል፣ ወጡን ይጠቀልላል፣ ከፍ አድርጎ ያነሳል፣ ደግሞ ከመጀመሪያው ይቀጥላል። ከእጁ ጀርባ የበርበሬው ጣሳ ቆሟል። ጣሳው ላይ ራሷ ነጭ ፕላስተር ለጥፋ «በርበሬ» ብላ ጽፋበታለች። የልጁን ምሳ ዕቃ እየከደነች ዓይኗ እዚያ ላይ ሲያርፍ ፊደሎቹ ፊታቸውን አዙረው፣ መስታወት ውስጥ እንደሚታይ ጽሑፍ ሆነው አየቻቸው። መጀመሪያ ሳቋ ሊመጣ ነበር። ቀጥሎ ዓይኗ ከጣሳው ወደ እጁ ሄደ። እጁ ግራ እጅ ነው።

ዶርቃ የቀረጸችው በገዛ ቀኝ እጇ ነበር። ግራ እጇ እንጀራ ቆርሶ አያውቅም። ለዚህም ነው የትኛው እጅ እንደሚታይ ማረጋገጥ በሐሳቧ ያልመጣው፤ እንጀራ በየትኛው እጅ እንደሚበላ ማን ይጠይቃል? ጥፋቱ ካሜራው ላይ ነው። ራሷን እያየች ለመቅረጽ እንዲመቻት ስልኩን መደርደሪያው ላይ አስደግፋ የፊት ካሜራውን ከፈተችው፤ ስልኩም እንደ መስታወት ቀኙን ግራ አድርጎ አስቀመጠው። የኖላዊ ግራ እጅ ደግሞ ምንም አልሆነም። ይጽፍበታል፣ ኳስ ይወረውርበታል፣ የመኪና ቀበቶ ይፈታበታል። የታመመው ቀኙ ነው፤ ከሕፃንነቱ ጀምሮ አውራ ጣቱን ውስጥ ቀብሮ የተጨበጠው፣ ክርኑ ታጥፎ ደረቱ ላይ የሚውለው። ሴሬብራል ፖልሲ ይሉታል፤ ሲወለድ ጭንቅላቱ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ለታመመው እጅ መድኃኒት የሰጠች መስሏት ለጤነኛው ስትሰጥ ከርማለች። ክሊኒክ ውስጥ እጁ የሚፈተነው ደግሞ ዛሬ ነው።

«ማሚ፣ አጌን ልየው?»

«ዛሬ ይበቃል» ብላ ስልኩን ከፊቱ አነሳችና እንደሚያቃጥል ነገር ቶሎ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው። ባሏ ግሩም ኤርፖርት አጠገብ ካለ ፓርኪንግ የሌሊት ሥራውን ጨርሶ ገና መተኛቱ ነው። በሩ ላይ ቆማ ትንፋሹን አዳመጠች። ልትቀሰቅሰው አስባ ተወችው። «ኦኬ፣ እና ምን ይሁን? ሌላ ትቀርጫለሽ» እንደሚላት ታውቃለች። እሷ ደግሞ በዚያ ሰዓት ከማንም አፍ እንዲህ ቀላል የሆነ ነገር መስማት አትችልም ነበር።

ክፉው ነገር ከመድረሱ በፊት ቀድሞ ማየት የዶርቃ ልማድ ነው። የትምህርት ቤቱ ቁጥር ስልኳ ላይ ሲመጣ ሳታነሳው በፊት አምቡላንሱን ታያለች። የሕንፃው ሊፍት ትንሽ ከዘገየ የመሬት መንቀጥቀጥ መጣ ትላለች። ድራይቭ ስታደርግም ከፊቷ ያለው የጭነት መኪና ዕቃው ይወድቅብኛል ብላ በጣም ስለምትርቅ ከኋላ ያሉት ጡሩምባ ይነፉባታል። ያን ጠዋት ግን ጡሩምባውንም አልሰማችም። በሐሳቧ የምታየው አንዲት ሴት ፋይል ስትዘጋ ነው፤ «እናትየዋ ግራና ቀኝ አትለይም» ስትል። ከኋላ ወንበር ኖላዊ በመስኮት እያየ አንድ ነገር ያንጎራጉራል። ይህ ልጅ ማየት ይወዳል። ሰው ጫማውን ሲያስር፣ ሠራተኛ መስኮት ሲወለውል፣ ሕፃን አይስክሬም ሲልስ ካየ ቆሞ ይቀራል፤ አፉ ትንሽ ይከፈታል። ዶርቃ እጁን እየጎተተች «አታፍጥጥ፣ ነውር ነው» ስትለው ስድስት ዓመት ሞላው።

ክሊኒኩ ሚድ ዊልሻየር ሰፈር ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች በአንዱ ውስጥ ነው። ሥሩ ያለው ፓርኪንግ በየሃያ ደቂቃው ዋጋ ስለሚጨምር ዶርቃ ሁልጊዜ መንገድ ላይ ቦታ ስትፈልግ ትዞራለች፤ ያን ቀን ግን ዋጋውን ሳታይ ቀጥ ብላ ገባችና ፓርክ አደረገች። የሕክምናው ክፍል ትንሽ ነው። አንድ ዝቅ ያለ ጠረጴዛ፣ የልጅ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ ሰፊ ስክሪን። የመጀመሪያ ቀን ስትመጣ ማሽን ጠብቃ ነበር፤ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ መርፌ፣ የሚጮኽ ነገር። ያገኘችው ግን ልጆች ቁጭ ብለው እጅ የሚያዩበት ክፍል ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ እጅ ኳስ ያነሳል፣ ክዳን ይከፍታል፣ ብሎክ ይደረድራል። ልጁ ያን እጅ ደቂቃዎች ሙሉ ዝም ብሎ ያያል፤ ከዚያ በታመመው እጁ ያንኑ ይሞክራል። እንደገና ያያል፤ እንደገና ይሞክራል። በቃ፣ ይኸው ነው።

ቴራፒስቷ አራሴሊ ትባላለች፤ አጭር፣ ደርባባ፣ ጫማዋን አውልቃ ምንጣፍ ላይ የምትቀመጥ ሴት። ያኔ እንዲህ ብላ ነበር ያስረዳቻት፦ ሌላ ሰው ሲሠራ እያየን ዝም ብለን ብንቀመጥም እንኳ ጭንቅላታችን ውስጥ ያን ሥራ የሚያዝዘው ቦታ አብሮ ይነቃል፤ እጁ ባይነቃነቅም ትእዛዙ ይለማመዳል። ዶርቃ አስራ ሁለተኛ ክፍል ባዮሎጂ ስትማር የጭንቅላት ሥዕል ደብተሯ ላይ ስላ፣ የግራው ክፍል ቀኝ እጅን ያዝዛል ብላ ቀስት አድርጋበት ነበር። ያ ቀስት አንድ ቀን የልጇ ጉዳይ ይሆናል ብላ ማን አስቦ። ኖላዊ የክሊኒኩ ኳስና ብሎክ ሲሰለቸው አራሴሊ «ቤት ውስጥ የሚወደውን ነገር ቅረጪለት» ብትላት ነው እንጀራውን የቀረጸችው።

ፈተናው ረጅም አልነበረም። ኖላዊ ስክሪኑ ላይ አንድ እጅ ከሳጥን ውስጥ ፕለም የሚሉትን ፍሬ ሲያወጣ አየ። ከዚያ አራሴሊ እውነተኛ ሳጥንና እውነተኛ ፕለም አቀረበችለት። «በዚያኛው እጅህ፣ ማይ ላቭ።» ኖላዊ ትከሻውን አነሳ፣ ክርኑን ገፋ፣ ከንፈሩን ነከሰ። ጭብጡ ሳጥኑ ውስጥ ገባ፤ እንደ ድንጋይ ፕለሙን ገፋው እንጂ አልተከፈተም። ደግሞ ሞከረ። ሦስተኛው ላይ ግራ እጁ ሰርቆ ገብቶ ፕለሙን አወጣና ልጁ በልቶት አረፈ። አራሴሊ ሳቀች። ዶርቃ ግን መሳቅ አልቻለችም፤ ስለ ጣሳው፣ ስለ ፊደሉ፣ ስለ ካሜራው ሁሉንም በአንድ ትንፋሽ ነገረቻት።

«ሶ፣ ሦስት ሳምንት ያየው ግራ እጅ ነው?»

«አዎ።»

አራሴሊ ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «ቪዲዮውን ልከሽልኝ እኔም አይቼዋለሁ እኮ! ያየሁት ምግቡን ነው። ራበኝና ዘጋሁት።» እጇን ከፊቷ ስታወርድ ግን ሳቁ ቀርቷል። «ልጁን አልጎዳሽውም። ጊዜ ነው ያጣነው። ስሚኝ፣ ወደሚቀጥለው የሕክምና ዙር የሚያልፉትን የምመርጠው እኔ አይደለሁም። እጁ ትንሽ ምልክት ያሳየ ልጅ ይቀጥላል፤ ያላሳየ ቦታውን ለሌላ ይለቃል። አርብ ይወስናሉ። እስከዚያ አንድ ነገር ካየሽ፣ ጣት እንኳ ብትነቃነቅ፣ ቅረጪና ላኪልኝ።»

ዶርቃ «ካልታየስ?» ብላ አልጠየቀችም፤ መልሱን ታውቀዋለች። የኖላዊ ሐኪም ልጅ ባደገ ቁጥር ጅማቱ እያጠረ እንደሚሄድ ነግሯታል። ሊፍቱ ውስጥ ኖላዊ በፕለም የተለወሰ ግራ እጁን ቀሚሷ ላይ ሲጠርግ አልከለከለችውም። የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ሆኖ፣ ጭብጡን ኪሱ ውስጥ ደብቆ ሲሄድ እያየችው ነበር።

ከዚያ በቀጥታ ወደ ፌርፋክስ፣ ወደ ሥራ ሄዱ። ምግብ ቤቱ የግሩም ታላቅ እህት የእትዬ ዘሪቱ ነው፤ ጠበብ ያለ፣ ወደ ውስጥ የሚረዝም፣ ከፊት መስታወት፣ ከኋላ ኩሽና ያለው ቤት። መስኮቱ ላይ የተለጠፈው የቬጂ ኮምቦ፣ የበያይነቱ፣ ዋጋ በላዩ ላይ በተደጋጋሚ ወረቀት ስለተለጠፈበት ከሌሎቹ ወፍሮ ይታያል። ዶርቃ በጀርባ በር ስትገባ እትዬ ዘሪቱ ድስት ሙሉ ጎመን እያማሰሉ ነበር። ቀና ብለው ልጁን ሳሙት፤ ወደ እሷ ሳይዞሩ «ሽንኩርት ይከተፍ» አሉ።

እንዲህ መነጋገር ከጀመሩ ሦስት ሳምንት ሆናቸው። ውኃ ይቀዳ። ለስድስት ቁጥር ሂሳብ ይሰጥ። ለማን እንደተባለ አይታወቅም፤ ግን ኩሽናው ውስጥ ከዶርቃ በቀር ማንም የለም። ጠቡ የመጣው በጉርሻ ነው። እትዬ ዘሪቱ የወንድማቸውን ልጅ ጥርስ ካወጣ ጀምሮ በእጃቸው ሲያጎርሱት ኖረዋል። እጁን ይዘው በየእሁዱ ይጸልያሉ፣ በየቀኑ ያጎርሱታል፤ ለእሳቸው ሁለቱ አንድ ነገር ናቸው። አራሴሊ «ራሱ እንዲሞክር ተዉት፣ አታብሉት» ስትል ዶርቃ ነገሩን ቀስ ብላ የምትነግርበትን ቀን ስትመርጥ ቆየችና፣ አንድ ምሽት ደንበኛ በሞላበት ቤት አክስቱ እጃቸውን ወደ ልጁ አፍ ሲዘረጉ ሳታስበው «አያጉርሱት!» ብላ ጮኸች። የተዘረጋው ጉርሻ አየር ላይ ቆመ። እትዬ ዘሪቱ እጃቸውን ቀስ ብለው መልሰው ጉርሻውን ትሪው ጠርዝ ላይ አኖሩትና «እኔ እጄ መርዝ የለበትም» ብለው ወደ ኩሽና ገቡ። ከዚያ ወዲህ ይህ ነው። ግሩም በመሐል ገብቶ «ሲስ፣ ዶክተር ያለው ነገር ነው እኮ» ሲላቸው፣ «ቴሌቪዥን በማየት እጅ የሚድን ከሆነ እኔ ኳስ እያየሁ ስንት ጎል ባገባሁ!» ብለው አሳቁትና ነገሩ እዚያው ቀረ።

ዶርቃ ሽንኩርት ከተፈች። ማክሰኞ ሰው ስለማይበዛ ቀኑ ረጅም ነው። የምሳ ሰዓት ሄደ፣ ከሰዓቱ ሄደ፤ ለአምስት ሰው የታዘዘ ምግብ ታሽጎ ተላከ። ሽንኩርቱ ሲያልቅ ነጭ ሽንኩርት ተላጠ፤ ማንም ሳያዝዛት ድስቶቹን ፈተገች፣ ምክንያቱም እጇ ካረፈ ሐሳቧ ይነሳል። አርብ። ኖላዊ እንደ ሌላው ቀን ከኩሽናው በር አጠገብ ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ፣ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ተቀምጧል። ያን ቦታ የመረጠችለት እሷ ናት፤ ደንበኛ እጁን እንዳያይበት ብላ። ሌላ ቀን ስልኩን ትሰጠውና እሱን ሲያይ ይውላል። ዛሬ ግን ያን ቪዲዮ ማየት አስጠልቷት ስልኩን አጥፍታ ቦርሳዋ ውስጥ ደበቀችው። «ማሚ፣ አይም ቦርድ፣ ሰለቸኝ» አለ አንዴ፣ ሁለቴ። መልስ ሲያጣ ወንበሩን ወደ ቤቱ አዞረና የሚያየው ነገር ፈለገ።

ያገኘው ጋሼ መኩሪያን ነው። ጋሼ መኩሪያ ሃውቶርን ካለ የአውሮፕላን ዕቃ ፋብሪካ ጡረታ የወጡ፣ ባለቤታቸው ያረፉባቸው፣ ሸሚዛቸው ሁልጊዜ የተተኮሰ ሰው ናቸው። ማታ ማታ ፀሐይዋ ከመንገዱ ማዶ ካሉት ሕንፃዎች ጀርባ ስትገባ ይመጣሉ፤ ምስርና ጎመን ያዛሉ፤ ይጸልያሉ፤ ከዚያ ቀስ ብለው ይበላሉ። ቀስ የሚለው ቃል አይገልጸውም። ትንሽ ቁራሽ ይቆርሳሉ፣ ወጡ ላይ ያኖሩታል፣ በሦስት ጣት ያጥፉታል፣ ዳርና ዳሩን ይሰበስባሉ፣ ከፍ ያደርጉታል። መዳፋቸው ወጥ አይነካም። ኖላዊ ወንበሩን እየጎተተ መጥቶ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠ።

«ጋሼ፣ አንተ ለምንድነው ስሎው የምትበላው?»

ዶርቃ ከኩሽናው መስኮት «ኖላዊ! እርስዎ በል!» ብላ ጮኸች።

«ተዪው ባክሽ፣ አንተ ሲሉኝ ጎረምሳ የሆንኩ ይመስለኛል» አሉ ጋሼ መኩሪያ። ወደ ልጁ ዞረው «ቀስ የምለው፣ የእኔ ጌታ፣ ቤት ስገባ የሚጠብቀኝ ሰው ስለሌለ ነው። ምን ያስቸኩለኛል?» አሉት።

ልጁ መልሱ የበቃው መሰለ። አገጩን ጠረጴዛው ላይ አስደገፈ፤ ዓይኑም ከሽማግሌው ጣቶች አልተነሳም። ሌላ ደንበኛ አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ የግራ ክርኑ ከሁለቱ የውኃ ብርጭቆ አንዱን ገፋና ውኃው ወለሉ ላይ ፈሰሰ። ዶርቃ ጨርቅ ይዛ መጣች፣ ይቅርታ ጠየቀች፣ ተንበረከከችና ከጠረጴዛው ሥር ገባች።

መጀመሪያ ያየችው አውራ ጣቱን ነው። የኖላዊ ቀኝ እጅ ጭኑ ላይ ተቀምጧል፤ ሁልጊዜ በጣቶቹ ውስጥ የሚቀበረው አውራ ጣት ግን ውጭ ነው፤ የገረጣ፣ ፀሐይ የማያውቀው፣ የጨቅላ ጣት የሚመስል። ከዚያ ጣቶቹ ተነቃነቁ። ቀስ ብለው ትንሽ ተከፈቱ፤ ቆሙ፤ ወደ ውስጥ ተሰበሰቡ። ደግሞ ተከፈቱ። ይኸው መጣ፣ አለች ዶርቃ በልቧ፤ ሐኪሙ እንዲህ ያሉ ልጆች አንዳንዴ በድንገት ይንቀጠቀጣሉ ብሎ ያስጠነቀቃት ያ ነገር ይኸው መጣ። ፊቱን ለማየት በጠረጴዛው ጠርዝ በኩል ቀና አለች። ልጁ ምንም አልሆነም። አፉ ትንሽ ተከፍቷል፣ ዓይኑ ብሩህ ነው፣ የጋሼ መኩሪያን እጅ እያየ ነው። የጋሼ መኩሪያ ጣቶች ቁራሹ ላይ ተከፈቱ። ዶርቃ ዝቅ ብላ አየች፤ ከሥር ያሉት ትናንሽ ጣቶች ከአፍታ በኋላ ተከፈቱ። የላዩ እጅ አጠፈ፤ የታችኛው ተሰበሰበ። የላዩ ከፍ አለ፤ የታችኛው ከአንጓው ትንሽ፣ የወረቀት ውፍረት ያህል፣ ከጭኑ ተነሳ። ጋሼ መኩሪያ ውኃ ሊጠጡ ቆም ሲሉ የታችኛው እጅ ቆመ። ጠበቀ። እሳቸው ብርጭቆውን አስቀምጠው ሲመለሱ እሱም ተመለሰ።

ለሽማግሌውም ለልጁም የነገራቸው የለም። ልጁ ራሱ አያውቅም፤ እጁ ከሥር የሚያደርገውን ዓይኑ አላየም። ዶርቃ እርጥብ ጨርቋን እንደያዘች እዚያው ቀረች። ከላይ አንድ አዛውንት እራታቸውን ይበላሉ፤ ከታች በጨለማው ውስጥ፣ ማንም ሳያዝዝ፣ ስድስት ዓመት የተኛ ነገር ትምህርቱን ያጠናል። አራሴሊ ጭንቅላት ውስጥ ይሆናል ያለቻት ነገር ይኸው ፊቷ ላይ እየሆነ ነው። መጮህ ፈለገች፤ ድምፄን ቢሰማ ያቆማል ብላ ፈራች። መተንፈስ ራሱ ፈራች። በመጨረሻ አንገቷን ወደ ኩሽናው አዙራ በሹክሹክታ «እትዬ ዘሪቱ» አለች።

እትዬ ዘሪቱ ከሦስት ሳምንት በኋላ ስማቸው ሲጠራ ሰምተው ብቅ አሉ። ዶርቃን ከጠረጴዛ ሥር ሲያዩዋት ክው አሉ። ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «በረሮ ነው? ሰውየው እንዳይሰሙ!» አሉ።

«ይምጡ። ዝቅ ይበሉ።»

የታመመ ጉልበታቸውን በእጃቸው ደግፈው፣ ጠረጴዛውን ይዘው፣ እያቃሰቱ ወረዱ። ዶርቃ በጣቷ አመለከተቻቸው። ሁለቱም ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግተው አዩ። የእትዬ ዘሪቱ ትንፋሽ የሽንኩርትና የቅርንፉድ ሽታ አለው። ከዚያ ዶርቃ ክንዷ ላይ ከባድ እጅ ተሰማት፤ ጨመቃት። «ጌታዬ» አሉ እትዬ ዘሪቱ፣ ድምፅ ሳያወጡ በከንፈራቸው ብቻ። «ጌታዬ፣ ጌታዬ።»

ከላይ የትሪ መገፋት ተሰማ። «ተመስገን። ጠገብኩ» አሉ ጋሼ መኩሪያ። የታችኛው እጅ ቆመ። ጣቶቹ ቀስ ብለው ወደ ቤታቸው መመለስ ጀመሩ።

እትዬ ዘሪቱ ጉልበታቸውን ረስተው ተነሡ። «አልጠገቡም!»

«ኧረ?»

«አልጠገቡም ጋሼ መኩሪያ። ምን በሉና! ዶርቃ፣ እንጀራ አምጪ! ምስር ጨምሪ!»

«ወይዘሮ ዘሪቱ፣ ይህን ያህል ዘመን እዚህ ቤት ስበላ አንዲት ቃሪያ በነፃ አልተጨመረልኝም። ዛሬ ምን ተገኘ? ልሞት ነው እንዴ?»

«በሞቴ ይብሉ! በሞቴ!»

ዶርቃ ትኩስ እንጀራ ይዛ እየሮጠች መጣች። ወጡን እያወጣች በጆሯቸው፣ ልጁ እንዳይሰማ ባጭሩ ነገረቻቸው፤ እርስዎ ሲበሉ የልጄ እጅ ከሥር ይበላል፣ አያቁሙብን አለቻቸው። ጋሼ መኩሪያ መጀመሪያ አልገባቸውም። ከዚያ ገባቸው። የአንገት ቁልፋቸውን ፈቱ፣ ወንበራቸውን አስተካክለው ተቀመጡ፣ ቀኝ እጅጌያቸውን አንድ ጊዜ ጠቀለሉ። «እንግዲህ ሰው ዓይን ውስጥ ገብቶ መብላት ቀላል አይደለም» አሉ፤ የመጀመሪያው ቁራሽም ከእጃቸው አመለጣቸው። ኖላዊ ሳቀባቸው። «ጋሼ፣ ጣልከው!»

«አዎ ጣልኩት። እንግዲህ ደግሜ ልሞክር፤ በደንብ እየኝ።»

እትዬ ዘሪቱ የራሳቸውን ስልክ ከሽርጣቸው ኪስ አውጥተው ዶርቃ እጅ ላይ አኖሩ። «ቅረጪ» አሉ። ዶርቃ እንደገና ተንበረከከች። ምስሉ እንዳይነቃነቅ ክርኗን ወለሉ ላይ ተከለች። የላዩን እጅ ቀረጸች፣ የታችኛውን ቀረጸች፣ ሁለቱንም በአንድ ላይ። ሽማግሌው በሉ። እያላባቸው፣ በየመሐሉ በረጅሙ እየተነፈሱ፣ አንዱን ጉርሻ የልጃገረድ ሹሩባ እንደሚሠራ ሰው ጣት በጣት እያስተካከሉ በሉ። አንድም ቀን እንዲህ ሲታዩ በልተው አያውቁም። ውጭ የመኪና መብራት መስታወቱን አቋርጦ እያለፈ ሄደ።

ያን ጊዜ ነው የኖላዊ ቀኝ እጅ ከጠረጴዛው ሥር የወጣው። ልጁ አልወሰነም፤ እንዲያው ወጣ። ከትከሻው ተነሥቶ፣ ክርኑ እየተንገዳገደ፣ የትሪው ጠርዝ ላይ አረፈ። ጣቶቹ እንጀራው ላይ ተኙ። ሊቆርሱ ሞከሩ፤ ተንሸራተቱ። ደግሞ ሞከሩ፤ እንጀራው ተሸበሸበ እንጂ አልተቆረሰም። የልጁ ግንባር ረጠበ። ዶርቃ ተነሥታ ነበር፤ ሳታስበው እጇ ሊረዳው ተዘረጋ። እትዬ ዘሪቱ አንጓዋን አየር ላይ ያዙት።

«ተዪው» አሉ።

«ሊያቅተው ነው፣ እትዬ፣ ከዚያ ሊያለቅስ ነው...»

«ያልቅስ። ተዪው።»

ጋሼ መኩሪያ የራሳቸውን እጅ ከልጁ እጅ አጠገብ አኑረው፣ ጣታቸውን ከፈቱ፣ እንጀራውን በሁለት ጣት ያዙ፣ ጎተቱ። ኖላዊ አየ። ትንፋሹን ያዘ። አውራ ጣቱ ተንቀጠቀጠ፣ ከሌባ ጣቱ ጋር ተገናኘ፣ ያዘ። ክርኑ ወደ ኋላ ሲሄድ ከእንጀራው ጠርዝ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል፣ ቅርጽ የሌላት ቁራሽ አብራ መጣች። ወጥ የለባትም። እጁ ወደ አፉ ሲሄድ መንገዱን ስቶ ጉንጩ ላይ ደረሰ፤ ከጉንጩ ተንሸራቶ ከንፈሩ ጋ መጣ፤ ምላሱ ወጥቶ ወሰደው። አላመጠ። ከዚያ ቀና ብሎ አራቱንም ግድግዳ፣ ሦስቱንም ሰው አየ፤ የሚስቅ እንጂ የተገረመ አይመስልም።

«ማሚ፣ ጎመኑን አቀብዪኝ» አለ።

እትዬ ዘሪቱ የዶርቃን አንጓ እንደያዙ ነበር፤ መልቀቅ የረሱት ይመስላል። ጋሼ መኩሪያ በናፕኪን ላባቸውን ጠረጉ፣ ከዚያ በዚያው ናፕኪን ዓይናቸውን። ዶርቃ ምን እንደሚሰማት ለራሷም መንገር አልቻለችም። ልክ እንደ ልማዷ ክፉውን ፈለገችው፤ ነገ ይቆም ይሆናል፣ ይህ አንድ ጊዜ ብቻ ይሆናል፣ አርብ ይህም አይበቃም ይሉ ይሆናል። ሁሉም እዚያው ነበሩ። ግን ከፊታቸው ያቺ የምታላምጥ ትንሽ አፍ ነበረች፤ ያችን አፍ አልፈው ወደ ዶርቃ ሊመጡ አልቻሉም።

ቪዲዮውን ወደ ራሷ ስልክ አስተላልፋ ለአራሴሊ ላከች። መልሱ ጋሼ መኩሪያ ለመሄድ ሲነሡ መጣ። «አየሁት። ደግሜ አየሁት። ባሌንም ጠርቼ አሳየሁት። ለሚወስኑት ሰዎች ነገ ጠዋት ራሴ አቀርበዋለሁ፤ ይህን አይቶ እንቢ የሚል ሰው ያለ አይመስለኝም። አንቺ ዛሬ ተኚ።» ዶርቃ በቃላቱ መሐል የተደበቀ መጥፎ ነገር ካለ ብላ ደጋግማ አነበበችው። አላገኘችም።

እትዬ ዘሪቱ የተረፈውን ምስር በዕቃ አሽገው ለጋሼ መኩሪያ ሰጡ።

«ደግሞ ልትጭኑኝ ነው? እንኳን ይህን ተሸክሜ፣ ራሴንም ተሸክሜ መኪናዬ ጋ መድረሴን እጠራጠራለሁ።» ከዚያ ወደ ልጁ ጎንበስ አሉ። «ነገ ማታ እመጣለሁ። ሂሳብ ግን አልከፍልም፤ አስተማሪ ነኝ።»

«ኦኬ፣ ጋሼ» አለ ኖላዊ። «ግን ስሎው ብላ።»

ሄዱ። ልጁ ገና ትሪው ላይ ነበር። አንዷን ቁራሽ ለማንሳት የሚፈጅበት ጊዜ ሌላ ሰው እራቱን የሚጨርስበት ነው፤ እንጀራው ዳር ዳሩ መድረቅ ጀምሯል፤ ሸሚዙ ጎመን በጎመን ሆኗል። ሁለቱ ሴቶች ግራና ቀኙ ተቀመጡ። እትዬ ዘሪቱ ከልማድ ብዛት አንድ ትልቅ ጉርሻ ጠቀለሉ፤ እጃቸው ግማሽ መንገድ ሄዶ ቆመ። ዶርቃ አየቻቸው። እትዬ ዘሪቱ ጉርሻውን አዙረው የዶርቃ አፍ ውስጥ ከተቱት፤ ትልቅ ነበር፤ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ መናገር ቢያስፈልግም አትችልም ነበር።

የበሩ ደወል ጮኸ። አራት ወጣቶች፣ ከሚራክል ማይል ሙዚየም የሚመለሱ መሰሉ፣ እየሳቁ አንገታቸውን ብቅ አደረጉ። ይህ ቤት ደንበኛ መልሶ አያውቅም፤ እትዬ ዘሪቱ አንዴ ትኩሳት ይዟቸው እንኳ ሰባት ሰው አስተናግደዋል። ተነሥተው በሩ ጋ ሄዱ።

«ሶሪ፣ የእኔ ልጆች፣ ዝግ ነን።»

«ግን ይኸው ሰው እየበላ ነው» አለ አንደኛው በእንግሊዝኛ፣ ወደ ኖላዊ እያመለከተ።

እትዬ ዘሪቱ ዞረው አዩ። ልጁ ምላሱን አውጥቶ፣ ትከሻውን አንስቶ፣ ሁለት ጣት ለማገናኘት ይታገላል።

«እሱ ገና አሁን ነው የጀመረው» አሉና በሩን ገፍተው ቁልፉን አዞሩ።